የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ዝቅተኛ ነው፤ ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ኮሌጅ መቀየር እችላለሁ?

የማርቆሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ባለ የግል ኮሌጅ የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። እናቴ ታማ ባሕር ዳር እህቴ ቤት ገብታለች። እህቴ ቀን ሥራ ትውላለች፣ ቤት የሚቀር ሰው የለም። ስለዚህ ትራንስፈር መጠየቅ ፈልጌያለሁ። ያስፈራኝ የሃይስኩል ውጤቴ ነው። በ2014 ማትሪክ 41 በመቶ ነበር ያመጣሁት፤ ዲግሪ የገባሁት በሬሜዲያል፣ ማለፊያ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ነው። የ9ኛና የ10ኛ ትራንስክሪፕቴም ደካማ ነው። አሁን ግን ጂፒኤዬ 3.2 ደርሷል። አዲሱ ኮሌጅ የድሮውን አይቶ ይመልሰኛል? እናቴንም ሳላስታምም ትምህርቴንም ሳልይዝ እንዳልቀር ጨንቆኛል።

የቡሬው፦
እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔም ከማርቆስ ባሕር ዳር ቀይሬያለሁ፣ እኔም የሬሜዲያል ልጅ ነኝ። በ2014 ከተፈተነው ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ያን ዓመት ሬጅስትራሮችም ያውቁታል፤ በ41 አንገትሽን አትድፊ። መግቢያሽ ሬሜዲያሉን ማለፍሽ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያዩት የኮሌጅ ውጤትሽን ነው።

እኔን ያሰናከለኝ ማትሪክ ሳይሆን ወረቀት ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴን በታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። ማኅተሙ የተመታው መዝጊያው ላይ ነበር፣ ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ። እኔ ደግሞ ኮፒ ላድርግ ብዬ ቡሬ ላይ ከፈትኩት። ባሕር ዳር መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ ፖስታውን ገልብጣ አየችና ሳታነበው መለሰችልኝ። እንደገና ማርቆስ ተመለስኩ። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ስመጣ ምዝገባ አልፏል፤ አንድ ሴሚስተር እንደዋዛ ሄደ። አደራ፣ ፖስታውን አትንኪው። ለራስሽ ስቱደንት ኮፒ ለብቻ አውጪ።

ሌላው የኮርስ አውትላይን፣ ማለት የኮርሱ ይዘት ዝርዝር ነው። የወሰድሽውን ኮርስ ሁሉ አውትላይን ከዲፓርትመንቱ አስመትተሽ ያዢ። ክሬዲት የሚይዙልሽ ይዘቱንና ክሬዲት አወሩን ከራሳቸው ጋር እያነጻጸሩ ነው። እኔ የኮስት አካውንቲንግ አውትላይን ስላልነበረኝ ቢ ያመጣሁበትን ኮርስ ድጋሚ ከፍዬ ተማርኩት።

መምህር ነኝ፦
የቡሬው ልጅ ጥሩ ብሏል። ሁለት ነገር ልጨምርልሽ ልጄ። የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን አትደብቂ፣ ከማመልከቻው ጋር አያይዢው። ከሬሜዲያሉ ማለፊያ ጋር አብሮ ሲታይ ነው ፋይልሽ ሙሉ የሚሆነው። ሁለተኛ፣ ብር ከመክፈልሽ በፊት የአዲሱን ኮሌጅ ፈቃድ አጣሪ። ፈቃድ የሚሰጠው በካምፓስና በፕሮግራም ነው። ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ለአካውንቲንግ ፈቃድ አለው ማለት ባሕር ዳር ላይም አለው ማለት አይደለም። ስትጨርሺ የመውጫ ፈተና አለብሽ፤ ፈቃድ በሌለው ፕሮግራም ተምረሽ ለፈተናው መቀመጥ አትችዪምና በዚህ ቀልድ የለም። ደግሞ አዲሱ ኮሌጅ መቀበሉን በጽሑፍ ሳይሰጥሽ ከአሁኑ ኮሌጅሽ ክሊራንስ፣ መልቀቂያውን ማለቴ ነው፣ እንዳትጨርሺ።

የማርቆሷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንባዬ ነው የመጣው። ክሊራንስ ነገ ልጀምር ነበር፤ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ የሬሜዲያል ውጤቴ በእጄ ያለው ኮፒው ነው። ዋናውን የምጠይቀው ሬሜዲያል ከተማርኩበት ነው ወይስ ከአሁኑ ኮሌጄ?

የቡሬው፦
ከተማርሽበት። ግን መጀመሪያ የአሁኑ ሬጅስትራር ፋይልሽን ያውጣልሽ፤ የእኔ ዋናው እዚያ ውስጥ ነው የተገኘው።