ቴራፒ ሲባል የቱ ነው? እህቴ ባጃጅ መሳፈር ካቃታት 5 ወር ሆናት

የኮቼ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በናታችሁ እርዱኝ። ታናሽ እህቴ 22 አመቷ ነው፣ የዛሬ 5 ወር ከአዲስ አበባ ስትመጣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጊቤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደሉ አፋፍ ላይ ነው የቆመው፣ ተመስገን ሰው አልተጎዳም። ከዛ ወዲህ ግን መኪና ቀርቶ ባጃጅ መግባት አልቻለችም። አንዴ ለቅሶ ልንሄድ ለምኜ አስገባኋትና ሞተሩ ሲነሳ እጇ በላብ ራሰ፣ ልቤ ሊቆም ነው ብላ ጮኸች፣ ባለ ባጃጁ ራሱ ደነገጠ። እዚሁ ጅማ ከኮቼ ፈረንጅ አራዳ በእግሯ ነው ምትመላለሰው፣ አሁን ስራውንም ልተወው እያለች ነው። ልቧን ታይታ ምንም የለም ተብላለች። አንድ ክሊኒክ ያያት ሀኪም "ሳይኮቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ ህክምና) ያስፈልጋታል" ብሎ ሸኘን፣ ምን አይነት፣ ስንት ጊዜ፣ የሚለው ነገር የለም። ዩቲዩብ ላይ ሳይ አንዱ የልጅነት ታሪክ መቆፈር አለበት ይላል፣ አንዱ አስተሳሰብ መቀየር ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ማዳመጥ ብቻ ነው ይላል። እማዬ በበኩሏ ጠበል እንጂ ሌላ አትሰማም። የቱን ልያዝ?

ሳይካትሪ ነርስ፦
አይዞህ ወንድሜ። ያየሃቸው ሶስቱም ያሉ ናቸው፣ ግን ለየቅል ነው ሚሰሩት። ልጅነትን ሚቆፍረው ፍሮይድ ከሚባል ሀኪም የመጣው ነው፣ ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የተጀመረ፣ ሰው እራሱ ያላወቀው የውስጥ ግጭት ነው ሚያሳምመው ብሎ ይነሳል፣ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ማዳመጥ ያልከው የአሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት የካርል ሮጀርስ ነው፣ ሳይፈርዱ ከልብ ሲሰሙት ሰው እራሱን ያገኛል ነው ሚለው፣ ሀዘን ላይ ላለ ወይ እራሱን ለጠላ ሰው በጣም ይረዳል። ያንተ እህት ግን ችግሯ ፍርሃትና ሽሽት ነው፣ ለሱ ባህሪ ላይ ሚሰራውና ሲቢቲ ሚባለው፣ ያ አስተሳሰብ መቀየር ያልከው፣ ይሻላል። ሲቢቲን አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሀኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው፣ የድብርት ታካሚዎቹን ሲያይ ሳያስቡት ብልጭ እያለ ሚያልፍ ክፉ ሀሳብ ስሜታቸውን እንደሚጎትተው አስተዋለ። እህትህም "ልቤ ሊቆም ነው" ያለችው እሱ ነው፣ ልቧ የመታው ስለደነገጠች እንጂ ሊቆም ስለሆነ አይደለም። ዋናው ነገር ግን እቺን ያዝልኝ፦ ከባጃጁ ስትወርድ ወዲያው እፎይ ትላለች አይደል? ያቺ እፎይታ ናት ፍርሃቱን ምትቀልበው፣ ምክንያቱም አእምሮዋ "የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው" ብሎ ይመዘግባል።
አንድ ልጠይቅህ፣ አደጋው በህልሟ ይመጣል? ቀን ቀንስ ድንገት እንደገና እዛው ያለች ይመስላታል? ከሆነ ለባለሙያው መጀመሪያ እሱን ንገሩት፣ አሰራሩ ይለያል።

ጎበዙ፦
እኔ ምለው ለምን አንድ ቀን ይዘሃት ገብተህ እስከ ሰቃ አትነዳትም፣ ይወጣላታል

ሳይካትሪ ነርስ፦
አይሆንም ወንድም። በግድ ከሆነ ፍርሃቱ ይብሳል፣ አንተንም አታምንህም። ሚፈራው ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ነው ሚቀረበው፣ ደረጃውን ምትመርጠው እሷ ናት።

የሄርማታዋ፦
እኔ ያለፍኩበት ስለሆነ ልንገርህ። ሰው የበዛበት ቦታ ስሄድ ነበር ሚይዘኝ፣ ሐሙስ ገበያ መውጣት ካቆምኩ አመት አልፎኝ ነበር። ሳይኮሎጂስቷ መሰላል ስላ ከታች ቀላሉን ከላይ ከባዱን አስፃፈችኝ፣ ከ0 እስከ 100 ፍርሃቴን እየለካሁ። የመጀመሪያው ገበያው ዳር ቲማቲም ሻጮቹ ጋ መቆም ብቻ ነበር፣ ስደርስ 70 ፃፍኩ፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልሄድኩም፣ 25 ደቂቃ ስቆይ 30 ወረደ፣ ማንም ሳያወርድልኝ እኮ ነው! ከዛ ሩብ ኪሎ ሽንኩርት መግዛት፣ ከዛ መሀል መግባት እያልን። 4ኛው ሳምንት ላይ ተቻኩዬ ሁለት ደረጃ ዘለልኩና አለቀስኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስን። ሌላው ደግሞ ሁሌ ውሃ በላስቲክ ይዤ ስልኬን ጨብጬ ነበር ምሄደው፣ አየችኝና "እሱንም ትተሽው ሂጂ" አለችኝ፣ ለካ እሱም ሽሽት ነው፣ የዳንኩት በውሃው ይመስለኝ ነበር። 12 ጊዜ ነው የተመላለስኩት፣ በሳምንት አንዴ። ሴትዮዋ ታምኚኛለሽ ወይ ብላ ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር፣ ያ ባይኖር የትኛውም ዘዴ አይሰራልኝም ነበር።

እናት ነኝ፦
ልጄ እናትህን አትጣላ። ጠበሉም ይሁን ዱዓው ልብ ያሳርፋል፣ ጠዋት ጠበሏን ትጠመቅና ከሰአት ቀጠሮዋ ትሂድ፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም። ብቻ ፋርማሲ ሄዳችሁ ዳያዜፓም ምናምን የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ያለ ሀኪም ትእዛዝ እንዳትገዙ፣ የእህቴ ልጅ እሱን ለምዶ መተው መከራ ሆኖበት አይቻለሁ። ጫት ከነካካችም ትተው፣ ቡናውንም ለጊዜው ቀንሱላት፣ ልብ ሲመታ እሷ ያው ፍርሃቱ መጣ ነው ምትለው።

የኮቼ ልጅ (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጣችሁ። ህልም አዎ ነበረ፣ አሁን ቀንሷል። ጅማ የት ልውሰዳት?

ሳይካትሪ ነርስ፦
ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ፣ እሱ ይሻላል። ስትገቡ "ሲቢቲ ወይ ኤክስፖዠር (ሚፈሩትን ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ) ትሰራላችሁ? በየስንት ቀኑ? በቀጠሮ መሀል ቤት ምን ትሰራለች?" ብለህ ጠይቅ፣ አትፈር። የቤት ስራ የሌለው ሲቢቲ ግማሽ ነው። ድንጋጤው ሲመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል፣ እስኪወርድ አብረሃት ተቀመጥ፣ "አትፍሪ" እያልክ አታጣድፋት።

የኮቼ ልጅ (ጠያቂ)፦
ቀጠሮ ይዘናል፣ ሐሙስ ነው። የሄርማታዋን ፅሁፍ ሳነብላት "እኔም ልሞክር" ብላ እራሷ ተነሳች። የጎረቤታችን ባጃጅ ግቢ ቆሞ ነበር፣ ሞተሩ ሳይነሳ ኋላ ወንበር ገብታ ተቀመጠች፣ እኔ ውጪ ደፍ ላይ ነበርኩ። ስትገባ 60 አለች፣ የጎረቤት ልጆች መጥተው ሲያጫውቷት ቆየችና 20 ደቂቃ ሲሆን 35 ብላ ወረደች። ሞተር ማስነሳቱን ለሐሙስ አቆይተነዋል።