የኪራይ ድጎማ ለማመልከት ማን ጋ ልሂድ? የለንደን ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ሰው በየተራ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «የሃውዚንግ ቤኔፊት ፎርም የሚሞላ ጎበዝ ሰው ታውቂያለሽ? ከፍዬም ቢሆን።» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማወራ እዚህ ልጻፈው። የማወራው ስለ ለንደን ነው፤ ሌላ የእንግሊዝ ከተማ ላለ ሰውም አብዛኛው ይሠራል።

«ከፍዬም ቢሆን» የምትለዋን ግን ከወዲሁ እንጣላት። እኔ ከፍያለሁ። 40 ፓውንድ፣ ካፌ ጥግ ላይ፣ ማኪያቶውም በእኔ። ሰውየው እንግሊዝኛው ልቅም ያለ፣ ጣቱም ፈጣን ነው፤ በሃያ ደቂቃ ጨረሰልኝ። መርቄው ወጣሁ። ለካ አካውንቱን የከፈተው በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር ነው። «የኪራይ ውልሽን አሳዪ» የሚለው መልእክት ለእሱ ደረሰ፤ እሱ ደግሞ የስንቱን ያስታውሳል? እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ብር እጠብቃለሁ። ስደውል ማመልከቻው ተዘግቷል። እንደገና ስጀምር ቀኑ እንደ አዲስ ተቆጠረ፤ የዚያን ወር ኪራይ ከእህቴ ተበድሬ ከፈልኩ። ሰውየውን ሌባ አልለውም። ግን የቤቴን ቁልፍ ይዞብኝ እንደሄደ ነው የቆጠርኩት።

ስለዚህ ማንም ይሙላላችሁ፣ ኢሜይሉ፣ ስልኩና ፓስወርዱ የእናንተ ይሁን።

አሁን ወደ ስሙ። ሃውዚንግ ቤኔፊት አፋችን ላይ ቀርቷል እንጂ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ዛሬ አዲስ የሚያመለክተው ለዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው፤ ገቢው ላነሰ ሰው መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ ነው። የኪራይ ድጎማው እዚያው ውስጥ ተጠቃሏል። የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ ካውንስል፣ ማለትም የሰፈሩ አስተዳደር ጋ ሄዳችሁ ብትሰለፉ መልሰው ወደዚያው ይልኳችኋል። በካውንስል በኩል የሚሰጠው ሃውዚንግ ቤኔፊት በዋናነት የቀረው የጡረታ ዕድሜ ለደረሱ፣ ካውንስሉ በጊዜያዊ ማረፊያ ላስቀመጣቸውና ድጋፍ በሚሰጥበት መኖሪያ ላሉ ሰዎች ነው።

ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ሰባ አልፏቸዋል። ልጃቸው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ልትሞላላቸው ሦስት ምሽት ስትታገል ነበር። በሩን ተሳስታለች! የእሳቸው በር ካውንስሉ ነው፤ ጎን ለጎን ደግሞ ፔንሽን ክሬዲት፣ ገቢው ላነሰ ጡረተኛ የሚሰጠው ድጎማ። የጡረተኛ ሃውዚንግ ቤኔፊት እስከ ሦስት ወር ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊከፈል ስለሚችል ብዙም አልተጎዱም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ግን ቢበዛ የአንድ ወር ነው፣ እሱም በቂ ምክንያት ካላችሁ ብቻ። ስለዚህ «ሰነዴ ሲሟላ አመለክታለሁ» አትበሉ። አመልክቱ፣ ሰነዱ ይከተላል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። ቪዛችሁ ላይ «ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ»፣ ማለትም የመንግሥት ድጎማ አይፈቀድም፣ የሚል ገደብ ካለ ምንም ፎርም አትንኩ። ዩኒቨርሳል ክሬዲትም ሃውዚንግ ቤኔፊትም ከዚያ ገደብ ውስጥ ይገባሉ፤ ሳታውቁ ብታመለክቱ ቪዛችሁን ሊጎዳው ይችላል። መጀመሪያ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ጠይቁ። ጥገኝነታቸው ጸድቆ የስደተኛ ወረቀት የያዙ ይህ ገደብ የለባቸውም፣ ወረቀቱ በእጃቸው እንደገባ ማመልከት ይችላሉ።

እንግዲህ ማን ይሻላል? አዲስ ለሚያመለክት ሰው ያለማመንታት የምጠቁመው ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት ለዩኒቨርሳል ክሬዲት አመልካቾች የሚሰጠውን «ሄልፕ ቱ ክሌይም» ነው። ነፃ ነው፤ በእንግሊዝ ቁጥሩ 0800 144 8444። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የመጀመሪያው ትክክለኛ ክፍያ እስኪገባ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። ሁለተኛ ጊዜ ስሞላ የረዳችኝ ሴትዮ እዚያ ነበረች። እያንዳንዷን ጥያቄ አነበበችልኝ፣ መልሱን ራሴ እንድጽፍ አደረገችኝ። ካፌ ካለው ሰውዬ ሦስት እጥፍ ጊዜ ፈጀ። ግን ምን እንደጻፍኩ አውቃለሁ። ጉድለቱ ስልኩ አንዳንዴ ረጅም ያስጠብቃል፤ ሻይ አፍልታችሁ ተቀመጡ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ገና ስትጀምሩ «አማርኛ አስተርጓሚ» በሉ። ዩኒቨርሳል ክሬዲትን የሚከታተለው ቢሮ፣ ጆብ ሴንተርም እንደዚያው ነው፣ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ማስተርጎም ይቅር።

ሼልተር ለሚባለው የቤት ጉዳይ በጎ አድራጎት ብዙ ሰው ለፎርም ይደውላል። እኔ ለዚያ አልመርጠውም። ሼልተር የሚያስፈልጋችሁ የማስለቀቂያ ወረቀት ሲመጣ ወይም ዛሬ ማታ ማደሪያ ስታጡ ነው፤ ያኔ ወደር የለውም። ቁጥሩ 0808 800 4444፣ እሱም በነፃ።

ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ ወይም ገንዘቡ ካነሰ ደግሞ ሎው ሴንተር፣ ማለትም የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ፈልጉ። ውሳኔው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው ያላችሁ። የዩኒቨርሳል ክሬዲት ከሆነ መጀመሪያ «ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን» የሚባለውን፣ ማለትም እንደገና እዩልኝ የሚል ጥያቄ፣ ታስገባላችሁ፤ ይግባኝ ሰሚው ትሪቡናል ጋ የሚደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ጎበዝ ጓደኛ አይበቃም፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ይያዘው።

የቤተ ክርስቲያንና የኮሚኒቲ ሰዎችስ? ለማስተርጎም፣ አብሮ ለመሄድ፣ ደብዳቤ ለማንበብ ወርቅ ናቸው። ለሕጉ ግን «የእኔ ዘመድ እንዲህ ብላ አገኘች» የሚለውን አትስሙ። የዘመዷ ገቢ ሌላ፣ ቤቷ ሌላ።

ከማመልከታችሁ በፊት ምን ያህል እንደምታገኙ ማየት ከፈለጋችሁ ኢንታይትልድቱ የሚባል ማስያ አለ። ስም ሳትጽፉ ትሞሉታላችሁ። ጥያቄው ይበዛል፣ ግን ዝርዝሩን እወደዋለሁ። ተርንቱአስም ጥሩ ነው፤ እሱ ተጨማሪ እርዳታ የሚሰጡ በጎ አድራጎቶችንም ያፈላልግላችኋል። ፔይስሊፕና የኪራይ ውል ይዛችሁ ተቀመጡ፣ በግምት ከሞላችሁት መልሱም ግምት ነው።

ቁጥሩ ሲወጣ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ከግል አከራይ ለተከራየ ሰው መንግሥት ሁልጊዜ ሙሉ ኪራይ አይሰጥም። እንደየአካባቢውና እንደ መኝታ ቤቱ ብዛት ጣሪያ አለው። ጣሪያው በኤፕሪል 2024 ከፍ ብሎ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ባለበት ቆሟል፤ ኪራዩ ግን አልቆመም። ኪራያችሁ 1,400 ሆኖ ጣሪያው 1,200 ከሆነ 200ው ከኪሳችሁ ነው። ሠላሳ አምስት ያልሞላው ላጤ ደግሞ ብቻውን ቤት ቢይዝም በአብዛኛው የሚታሰብለት የጋራ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ኪራይ ነው። ቤት ከመፈረማችሁ በፊት የሰፈሩን ጣሪያ በፖስት ኮድ እዩት፤ የመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። ይህን ሳላውቅ ነው እኔ የፈረምኩት።

እኛን የሚነኩ ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛ እቁብ። ቁጠባ ከ6,000 ፓውንድ ሲያልፍ ድጎማው መቀነስ ይጀምራል፣ ከ16,000 ካለፈ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የለም። እቁብ ወጥቶላችሁ አካውንት ላይ ከተኛ ስቴትመንቱን የሚያይ ሰው ቁጠባ ነው የሚመስለው። ዕጣው ሲደርሳችሁ የእቁቡ ውልና የሚቀረው መዋጮ የተጻፈበት ወረቀት ይኑራችሁ፣ ጆርናሉ ላይም (የዩኒቨርሳል ክሬዲት አካውንታችሁ መልእክት መጻጻፊያ) አስረዱ። አዲስ አበባ ያለ ገንዘብም ገንዘብ ነው፣ አትደብቁት።

ሁለተኛ ከዘመድ መከራየት። ወንድማችሁ ቤት፣ ከእሱው ጋር አብራችሁ እየኖራችሁ «ኪራይ እከፍለዋለሁ» ብትሉ ድጎማ አይሰጥበትም። ከሌላ ሰው ከሆነም ውል ይኑር፣ ኪራዩም በባንክ ይሂድ። በእጅ የከፈላችሁት ብር ምስክር የለውም።

የመጀመሪያው ክፍያ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እስከዚያው አድቫንስ፣ ማለትም ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣሉ፣ ግን ብድር ነው፣ በየወሩ ይቆረጣል። እኔ ግማሹን ብቻ ወሰድኩ፤ ደግሞ ቢያጋጥመኝ እንደዚያው አደርጋለሁ። አከራያችሁ የሚጨቀጭቅ ከሆነ ያመለከታችሁበትን ማስረጃ ስልካችሁ ላይ አሳዩት፣ ብዙው ሰው ወረቀት ሲያይ ይረጋጋል።

ካውንስሉ ጋ የሚቀሩ ሁለት ጉዳዮችም አሉ። የካውንስል ታክስ ቅናሽ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ውስጥ የለም። ለብቻው፣ ለካውንስሉ ነው የሚያመለክቱት። አንድ ዓመት ሙሉ ሳያውቅ ታክሱን ሲከፍል የኖረ ሰው አውቃለሁ። ጣሪያው ያላሟላውን ኪራይ ለመሙላትም ካውንስሉ ለችግር ጊዜ የሚሰጠው ገንዘብ አለ። ስሙ ስለሚቀያየር «የኪራይ ጉድለት አለብኝ፣ ምን እርዳታ አላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መብት አይደለም፣ በውሳኔያቸው ነው፤ ስለዚህ ወጪያችሁን ዘርዝሩ። የአውቶቡሱን፣ የልጆቹን ጫማ ሁሉ።

የካውንስል ወይም የሃውዚንግ አሶሲዬሽን ቤት ያላችሁ ደግሞ በኤፕሪል ኪራይ ሲጨምር ጆርናላችሁ ላይ «ኪራይህን አረጋግጥ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ካልመለሳችሁ የሚከፈለው በድሮው ኪራይ ነው፣ ልዩነቱ ዕዳ ሆኖ ይቀመጥላችኋል። በፋሲካ ሰሞን ስለሚመጣ ይረሳል። እኔ ስልኬ ላይ አስታዋሽ ሞልቻለሁ።