የዕቅድ ውይይት፦ ሰው ሲያሰላ የአንጎሉን የደም ኦክስጅን ለመለካት

ሰብሳቢ፦
ውድ አባላት፣ የጋራ ፕሮፖዛላችን መነሻ ይኸው። አንጎላችን ሥራ ሲበዛበት ወደዚያ ክፍል ደም ይጎርፋል። የሚደርሰው ኦክስጅን ከሚፈጀው ይበልጣል። ስለዚህ ኦክስጅን የያዘው ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) ይጨምራል፣ ያልያዘው ይቀንሳል። ተመራማሪው ፍራንስ ዮብሲስ በ1977 እ.ኤ.አ. ይህን ለውጥ በታህተ ቀይ ብርሃን ከውጭ መከታተል እንደሚቻል አሳየ። በዚህ መንገድ የሚለኩት የዛሬዎቹ የኤፍኒርስ (fNIRS) መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የሞገድ ርዝመቱ 760 እና 850 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ወደ ጭንቅላት ይልካሉ። 3 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ የሚወጣውን ደግሞ ይቀበላሉ። እንደ ኤምአርአይ ቱቦ ውስጥ መግባት የለም፤ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለካል።

እኔ ያሰብኩት 30 ጤናማ አዋቂዎች ከ1000 ላይ 7 እየቀነሱ እንዲያሰሉ ነው። ልኬቱ ግንባር ላይ ብቻ ይሁን። ፀጉር የለበትም፣ ይቀለናል።

አባል፦
ጋሼ፣ «ግንባር ብቻ» የሚለው አልተዋጠልኝም። ስሌት ከአናታችን ወደ ኋላ ያለውን ክፍልም ያሠራል። እሱ ደግሞ ፀጉር ሥር ነው። ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ብርሃኑን ይውጠዋል፤ በዚህ ሰበብ እንደኛ ያለ ፀጉር ያለው ሰው ከጥናት ይቀራል።

በራሴ ደርሶብኛል። ሹሩባ ተሠርቼ ለአንድ ጥናት ሄድኩ። ልጁ በጥጥ እንጨት ፀጉሬን እየፈለቀቀ 40 ደቂቃ ታገለ። መጨረሻ ላይ «ሲግናል የለም» ብሎ መሣሪያው የተገጠመበትን ኮፍያ አወለቀልኝ። ጥፋቱ የፀጉሬ መሰለኝ፤ ከፍቶኝ ወጣሁ።

እኛ ያንን አንድገም። ቀጠሮ ስንይዝ ስለ ፀጉር በአክብሮት እንጠይቅ። ለዝግጅት ሙሉ ሰዓት እንመድብ። በጀቱ ላይ ለአንዲት ሹሩባ ሠሪ ክፍያ ይግባ፤ መስመር አውጥታ ብትሠራው ብርሃኑ በመስመሩ ቆዳ ያገኛል።

ሌላ አባል፦
የእህቴን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሦስት ነገር ልጨምር። ካፌይን የአንጎልን የደም ፍሰት ይቀንሳል። አቦል ቶና በረካ ጠጥቶ የመጣውንና ጾሙን ያለውን ዝም ብለን አንቀላቅል፤ ስንት ሲኒ፣ በስንት ሰዓት እንደጠጣ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ሰው ሲጨነቅ የራስ ቆዳው ደምም ይለዋወጣል፣ አንጎል መስሎ ያሳስተናል። ከብርሃኑ ምንጭ 8 ሚሊሜትር ብቻ የሚርቁ መቀበያዎች ያስፈልጉናል፤ ቆዳውን ብቻ ለይተው ያሳያሉ። ሦስተኛ፣ ስሌቱ በሆድ ይሁን። ጮክ ብሎ መቁጠር ትንፋሽን ይለውጣል፣ ትንፋሹ ደግሞ የደሙን ፍሰት። ከ30 ሰከንድ በኋላ የደረሰበትን ቁጥር ብቻ ይንገረን።

ሰብሳቢ፦
ልክ ናችሁ። «ግንባር ብቻ» የሚለውን ሰርዣለሁ። የሹሩባ ሠሪዋ ክፍያ በጀቱ ውስጥ ገብቷል፤ ገንዘብ ካጠረ ከ30 ወደ 24 ሰው እንወርዳለን እንጂ እሷን አንነካም። እህቴ፣ የተሳታፊዎች አቀባበል የሚለውን ክፍል አንቺ ጻፊልን። የቡናውን መጠይቅ ወንድማችን እስከ ሐሙስ ይላክ።