የአባቴን ወረቀት ዩኒቨርሲቲ ይቀበለኛል? ምን ዓይነቱን ነው የሚመርጡት?

የመምህሩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አርካይቭ ወይ ላይብረሪ የሚሠራ ካለ አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ አምና አረፈ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሃይስኩል ያስተማረ ሰው ነው፣ አሁን ቤቱን ልናከራይ ስንጠርግ ከአልጋ ሥር ሁለት የቆርቆሮ ሳጥን ከኮርኒስ ላይ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ወረቀት ወጣ። የተጠረዘ ነጋሪት ጋዜጣ አለ፣ ደብዳቤ አለ፣ የተማሪ ማርክ የሞላባቸው ደብተሮች፣ የ60ዎቹ የተማሪዎች በራሪ ወረቀት (ኮርኒስ ላይ የነበረው እሱ ነው፣ በቀይ ሽብር ጊዜ እቤት መገኘቱ ብቻ ያስገድል ነበር)፣ ካሴት፣ ፎቶ፣ አንድ ትንሽ የብራና ዳዊት ደግሞ የአያቴ። ወንድሜ አሜሪካ ነው ያለው፣ እዚህ ላኩት ዩኒቨርሲቲ እሰጠዋለሁ ይላል፣ እህቴ ነጋሪት ጋዜጣውን እንስጥና ቆሻሻውን እናቃጥለው ትላለች፣ ቆሻሻ የምትለው ደብተሩንና ደብዳቤውን ነው። እኔ ስድስት ኪሎ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ልወስደው አስቤያለሁ ግን በምንድነው የሚመርጡት? ደርድሬ አስተካክዬ ልውሰድ ወይስ እንዳለ?

ሳጥን ቆጣሪ፦
ኧረ በናትህ እህትህን አስቁማት!! ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እኮ። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ የታተመ ነገር ነው፣ ትልልቆቹ ላይብረሪዎች አላቸው፣ አባትህ ዳር ዳሩ ላይ የጻፉበት ነገር ከሌለ አመሰግናለሁ ብለው ሊመልሱልህ ይችላሉ። ደብዳቤውና ደብተሩ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እኛ አርካይቭ የምንሠራው ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው አርጅቷል ወይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ይገኛል ወይ ነው፣ ከዛ እኛ ከምንሰበስበው ነገር ጋር ይሄዳል ወይ፣ ሻጋታ አለው ወይ (አንድ የሻገተ ካርቶን ጎረቤቶቹን ይበክላል፣ ለብቻው ነው የሚቀመጠው)፣ እና ያው ቦታና ሰው አለን ወይ፣ ምክንያቱም መቀበል የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ እያንዳንዱን አይቶ መዝግቦ ለተመራማሪ ማቅረብ ግን ወራት ይፈጃል።

መደርደሩን ደግሞ ተወው። አባትህ የአንድ ሰው ደብዳቤ ለብቻ በሲባጎ አስረው ከሆነ እስሩ ራሱ መረጃ ነው፣ አንተ በቀን ቅደም ተከተል ካደረግከው ጠፋ ማለት ነው። ይልቅ ሳትነካካ በስልክህ ፎቶ አንሳውና የትኛው ከየት እንደወጣ ጻፍ፣ ከኮርኒስ ወጣ ያልከውን ራሱ ጻፈው፣ በራሪ ወረቀት እንደዛ ሲመጣ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው።

ብርሃነ ብራና፦
ፕላስተር እንዳትለጥፍበት! የተቀደደ አይታችሁ በስኮች የምትለጥፉ ሰዎች... ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ላሚኔትም አታስደርግ መመለሻ የለውም። ክሊፕስ ዝጎ ካልተጣበቀ ቀስ ብለህ አውጣ፣ ላስቲኩንም። ፌስታል ውስጥ አትክተት እርጥበት ያፍናል፣ ንጹሕ ካርቶን ይበቃል፣ መሬት ላይ ግን አይቀመጥ ምስጥ አለ፣ ኮርኒስ ላይም አይመለስ ቆርቆሮው ቀን ያግላል ሌሊት ይበርዳል፣ ለወረቀት እንደ መለዋወጥ ክፉ የለም። ዳዊቱ ማኅደር ካለው ማኅደሩ ውስጥ ይቆይ፣ ብራና ቆዳ ነው ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ይኮማተራል። ጓንት አያስፈልግህም፣ እጅህን ታጠብና በደንብ አድርቅ፣ ጓንት ጭራሽ ጠርዙን እንድትቀድ ያደርጋል። ፎቶዎቹን ሽማግሌ ዘመድ ሳያልፍ አሳያቸውና ስሞቹን ከጀርባ በእርሳስ ጻፍ፣ እስክሪብቶ አይሆንም ወደ ፊት ይዘልቃል። ካሴቱን አስቀድም፣ ማጫወቻው ራሱ እየጠፋ ነው።

የሚኒሶታው፦
ስለ ወንድምህ ሐሳብ፦ ዳዊቱን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ ክልክል ነው፣ ቦሌ ላይ ችግር ውስጥ እንዳይገባ ንገረው። እዚህ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ስንት ዓመት ካታሎግ ሲሠሩ የኖሩት እኮ ለማይክሮፊልሙ (ገጾቹ በጣም አንሰው ፊልም ላይ ለተነሡበት ቅጂ) ነው፣ ከ60ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 9,000 ገደማ ብራና ተነሥቶ ፊልሙ መጣ፣ ብራናው ራሱ እየገዳሙና እየባለቤቱ ቤት ቀረ። እናንተም ስካኑን ላኩለት፣ ኦርጂናሉ እዛው ይሁን።

አንዴ የተነደፍኩ፦
እኔ የአጎቴን ወረቀት አንድ ቦታ (የት እንደሆነ አልናገርም) በአደራ ሰጥቼ ከሁለት ዓመት በኋላ ስሄድ የተቀበለኝ ሰውዬ ተዛውሯል፣ ወረቀቱን የሚያውቅ የለም፣ እኔም በእጄ ቁራጭ ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ ሳትፈራረም አትስጥ። ዝርዝሩ ይጻፍ፣ ስጦታ ነው ወይስ አደራ፣ ማን ያየዋል፣ ያልፈለጉትን ይመልሳሉ ወይስ ይጥላሉ፣ ኮፒውን ለራስህ ያዝ።

የመምህሩ ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ትናንት ማታ ደብተሮቹን ከፈትናቸው፣ የ67ቱ ላይ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ስም ዝርዝር ሙሉ አለ፣ ማርክ ግን ባዶ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ዘመቻ ዘመቻ ዘመቻ ብሎ ጽፎበታል (ተማሪዎቹ ወደ ገጠር የተላኩበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ነው)። አንዳንዱ ስም ላይ ደግሞ በኋላ በሌላ ቀለም ትንሽ መስቀል አድርጎበታል። እህቴ ዝም ብላ ስታየው ቆየች። ግን የሰው ልጆች ማርክ ማሳየት ነውር አይሆንም?

ሳጥን ቆጣሪ፦
አይሆንም፣ ለዛ ነው የሚከፈትበት ጊዜ ስምምነቱ ላይ የሚጻፈው፣ ባለስሞቹ በሕይወት ሊኖሩ ስለሚችሉ ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይልን ማለት መብታችሁ ነው። ስድስት ኪሎ ስትሄድ ሳጥኑን ተሸክመህ አትሂድ። መጀመሪያ የስልክ ፎቶዎቹንና ያን የ67 ደብተር ብቻ ይዘህ ግባ።