የፍራፍሬ ዋፍል ለቁርስ እንዴት ይሠራል?

የማራኪዋ እናት፦
ሰላም ጎንደሬዎች። ከውጭ የዋፍል ማሽን (ሊጡን በሁለት የጋለ ብረት መሃል ጨምቆ የሚጋግረው) ተልኮልኝ ለልጆቼ ቶሎ የሚደርስ ቁርስ ልሠራበት አስቤ ነበር፤ ግን ማንጎ የገባበት ሊጥ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። ምን ይሻለኛል?

አዘዞ፦
ማንጎ ውሃ ይበዛዋል እህቴ፣ ከትፈሽ ከላይ አድርጊው። ሊጡ ውስጥ የሚገባው ልጣጩ ጠቆር እስኪል የበሰለ ሙዝ ነው። 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 2 እንቁላል፣ ኩባያ ተኩል ወተት፣ 1 ሲኒ ዘይት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ 1 የተደፈጠጠ ሙዝ። ስኳር አያስፈልግም። ብዙ አታማሺው፣ ትንሽ ቢጓጉልም ችግር የለውም። ጠዋት ከተጣደፍሽ ደረቅ ደረቁን ማታ ቀላቅለሽ አሳድሪው።

ዳቦ ወዳዱ፦
እንፋሎቱ ሳይቆም ክዳኑን እንዳትከፍቺ፣ ለሁለት የሚቀደደው ያኔ ነው። ሲወጣም አትደራርቢው፣ ይልፈሰፈሳል። ደግሞ ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ አድርጊ፤ ከፍታ ላይ ሊጥ ቶሎ ይነፋና መልሶ ይሟሽሻል።

የማራኪዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ! ለጾምስ?

አዘዞ፦
በእንቁላሉ ፈንታ ሌላ ሙዝ፣ በወተቱ ፈንታ ውሃ። ማሽኑን ግን ዘይት ደህና አድርገሽ ቀቢው፣ የጾሙ ይበልጥ ይይዛል።