ፎንት የምታውቁ እርዱኝ፤ አንዱ ፋይል ሳጥን ሳጥን፣ ሌላው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆንብኛል

ሄርማታ ጽሕፈት

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የድሮው ኮምፒውተሬ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለና ባለፈው ወር ሌላ ገዛሁ። ዊንዶውስ 10 ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም።

አሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ነው። ተማሪው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ እከፍተዋለሁ፣ አማርኛው የለም። በቦታው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት ምናምን ተደባልቆ ይመጣል። ሌላው ተማሪ ጋ ደግሞ ፊደሉ ይነበባል ግን ገጹ ይፋለሳል፤ እሱ ጋ 64 ገጽ የነበረው እኔ ጋ 71 ይሆናል፣ ማውጫውና ገጹ አይገናኙም፣ ልጁ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው ብሎ ፊቴ ቆሟል። የምርቃት ባነር በፎቶሾፕ ስሠራ ደግሞ የለጠፍኩት አማርኛ በሙሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል።

አንድ ጓደኛዬ ከቴሌግራም ያገኘችውን ሁሉም የግዕዝ ፎንት አለበት የተባለ ዚፕ ላከችልኝ። ሁሉንም ጫንኩት። አሁን ከ900 በላይ ፎንት አለኝ። ወርድ ለመክፈት ብዙ ይቆያል፣ ፎቶሾፕማ ከዚያ ይብሳል። ችግሩ ግን እንዳለ ነው።

በጣም ያሳዘነኝ የትናንቱ ነው። አንድ አባት ደብዳቤ በፍላሽ ይዘው መጡ። ላይኛው በአፋን ኦሮሞ፣ ታችኛው በአማርኛ ነው። አማርኛው ዝብርቅርቅ ሆኖ ስለመጣ ሁሉንም መረጥኩና ከጫንኳቸው የግዕዝ ፎንቶች አንዱን ሰጠሁት። አማርኛው ተስተካከለ። ቁቤው ግን ትርጉም የሌለው የግዕዝ ፊደል ሆነ፣ እኔ ደግሞ ሳላየው አትሜ ሰጠኋቸው። ለጉዳያቸው ቢሮ ደርሰው ነው የተመለሱት። በዚያ ፀሐይ፣ በእግራቸው።

እባካችሁ፣ ምን ላድርግ? የትኛውን ፎንት ልያዝ፣ የትኛውን ላጥፋ?


የቆጪ ልጅ

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነኝ፣ ይሄ ጉዳይ በየሳምንቱ ይመጣብኛል። መጀመሪያ ሳጥኑንና ዝብርቅርቁን ለዪ። ሁለቱ አንድ ችግር አይደሉም።

ሳጥን ሲሆንብሽ ጽሑፉ ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩ ይሄ ፊደል "ሀ" መሆኑን ያውቃል፣ የመረጥሽው ፎንት ግን የ"ሀ" ቅርጽ የለውም። ወርድ እንዲህ ሲገጥመው "ሀ" ካለው ሌላ ፎንት ተበድሮ ያሳይሻል። ፎቶሾፕ ብዙ ጊዜ አይበደርም፣ ሳጥን አስቀምጦ ዝም ይላል። ስለዚህ ባነሩ ላይ ጽሑፉን ምረጪና ግዕዝ ያለውን ፎንት ስጪው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይሁን፣ ሁለቱም በነፃ ጉግል ፎንትስ ላይ አሉ።

ዝብርቅርቁ ሌላ ነው። እዚያ ፋይል ውስጥ የተቀመጠው አማርኛ አይደለም፣ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች፣ ማለትም ቪዥዋል ግዕዝና ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ያልሆነው ፓወር ግዕዝ፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ይዘው በላዩ የግዕዝ ቅርጽ ያለብሱታል። ፎንቱ ኮምፒውተርሽ ላይ ከሌለ ልብሱ ወለቀ ማለት ነው፣ ከሥር ያለው ላቲን ይታያል።

የአባትየው ደብዳቤም የተበላሸው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁቤ ላቲን ነው። ሁሉንም መርጠሽ የድሮውን ፎንት ስትሰጪው ቁቤውንም ግዕዝ አለበሰው። ደብዳቤ በሁለት ቋንቋ በሚጻፍበት ከተማችን ይሄን ማወቅ ግዴታ ነው። ከእንግዲህ የድሮ ፎንት ስትሰጪ አማርኛውን አንቀጽ ብቻ ምረጪ። ሁሉንም አትምረጪ፣ በፍጹም።

የትኛው ፎንት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ መገመት የለብሽም። ዝብርቅርቁ ላይ ክሊክ አድርጊና ወርድ ላይ ከላይ የፎንት ስም የሚጻፍበትን ሳጥን እዪ። ፎንቱ ባይጫንም ስሙን ይነግርሻል። ያንን ስም ብቻ ፈልገሽ ጫኚ። ለዚህ 900 አያስፈልግም።


ጡረተኛው ጸሐፊ

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ በአማርኛ ታይፕ የጀመርኩ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተሩ ሲመጣም አብሬ ነበርኩ። የቆጪው ልጅ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ከየት እንደመጣ ልጨምርልሽ። ምክንያቱን ካወቅሽ አትሸወጂም።

ያኔ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ እንደ ኳና ጓ ካሉት ዲቃሎች ጋር ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሠሪዎቹ መላ ፈጠሩ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለው። አንዳንዱ ደግሞ ፊደሉን ቆራርጦ እግሩንና ቀለበቱን ለየብቻ እየቀጠለ ሠራው። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሄደ የአንዱ "ሰ" ያለበት ቦታ የሌላው "ሰ" ካለበት ጋር አይገናኝም። በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ፎንት ብትከፍቺው ግዕዝ ይመጣል፣ ግን አይነበብም። እነዚያን ፎንቶች ግን አልነቅፋቸውም። ያለ እነሱ በዚያ ዘመን አንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር አማርኛ አይጽፍም ነበር።

ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ግዕዝን ሲያስገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ከዚያ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ፎንቱን ብትቀይሪውም አማርኛነቱን አይለቅም። ቁቤውም ቁቤ ሆኖ ይቀመጣል።

አንድ ቀላል መለያ ልስጥሽ። ከፋይሉ አንድ መስመር ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ለጥፊው። አማርኛ ሆኖ ከተለጠፈ ዩኒኮድ ነው። ላቲን ከሆነ የድሮው ነው።

ደንበኛሽ ፋይሉን ገና ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበት ከሆነ ወደ ዩኒኮድ ቢቀየር ይሻለዋል። የመቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ለዚያው ለተጻፈበት ፎንት የተሠራ መሆን አለበት። ዋናውን ፋይል እንዳትነኪው፣ ቅጂው ላይ ሥሪ። ከዚያ ዓይንሽን አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙ ላይ፣ እንደ ኳ፣ ጓ፣ ቋ፣ ኋ ባሉት ዲቃሎች ላይና መሐል በገቡ የእንግሊዝኛና የቁቤ ቃላት ላይ አድርጊ። የሚበላሸው እዚያ ነው። ስምና የገንዘብ ቁጥር ያለበት ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ ቃል በቃል አንብቢው፣ ባለቤቱም ያንብበው።


ቡና በስኒ

የገጹ መፋለስ አልተመለሰላትም። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁና ልመልስ።

ልጁ የጻፈው ኒያላ በሚባለው ፎንት ይመስለኛል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ስለነበር ብዙ አማርኛ በእሱ ተጽፏል። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ፎንት ሆኖ ተለይቷል፣ ካልጨመርሽው የለም። ሲጠፋ ወርድ ኤብሪማ የሚባለውን ሌላ ፎንት ይተካበታል። የኤብሪማ ፊደል በተመሳሳይ ቁጥር ከኒያላ ሰፋ ስለሚል መስመሩ ይረዝማል፣ ገጹ ይጨምራል። 64ቱ ገጽ 71 የሆነው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ለማረጋገጥ ወርድ ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ግቢና ወደ ታች ወርደሽ ፎንት ሰብስቲትዩሽን የሚለውን ክፈቺ። የትኛው ፎንት እንደጠፋና በምን እንደተተካ በግልጽ ተጽፎ ታገኛለሽ። ይሄን ብዙ ጸሐፊ አያውቀውም፣ እኔ ግን እንግዳ ፋይል ስቀበል መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ኒያላን ለማምጣት ኢንተርኔት ይኑርሽ፣ ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ግቢና ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሪ። ከዌብሳይት መልቀም አያስፈልግም።

ለተማሪዎቹ ደግሞ በር ላይ ወረቀት ለጥፊላቸው፤ ለኅትመት የሚመጣ ጽሑፍ በፒዲኤፍ ይምጣ። ከወርድ ሴቭ አዝ ብለው ፒዲኤፍ ካደረጉት ፎንቱ አብሮ ይገባል፣ ገጹም አይንቀሳቀስም። ማስተካከያ ስላለው በወርድ ይሁን ካሉ ደግሞ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ኤምቤድ ፎንትስ የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርገው ሴቭ ያድርጉ። የፎንቱ ፈቃድ ከከለከለ ግን አይሠራም፣ ስለዚህ ፒዲኤፉ ይበልጣል።


ጅረን ማዶ

አጭር ጭማሪ። ማክ የሚጠቀም ተማሪ ከመጣብሽ ፎንቱ "ከፋ" የሚባለው ሊሆን ይችላል፣ ከማክ ጋር የሚመጣ የግዕዝ ፎንት ነው። ስሙ የጎረቤታችን ስም ስለሆነ ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዊንዶውስ ላይ ስለሌለ ግን ገጹ መፋለሱ አይቀርም። እሱንም ፒዲኤፍ በዪው።


የቆጪ ልጅ

ስለ 900ዎቹ። እህቴ፣ አትደንግጪ፣ ግን አንድ ላይ አታጥፊ። ዊንዶውስ ራሱ የሚጠቀምባቸው እንደ ሴጎ ዩአይ ያሉ ፎንቶች እዚያው ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ እነሱን እንዳትነኪ። አንቺ ማጥፋት ያለብሽ ከዚያ ዚፕ የመጡትን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ወርድንም ፎቶሾፕንም ዝጊ። የተከፈተ ፕሮግራም የያዘው ፎንት አልጠፋም ይላል። ዚፑ በእጅሽ ስላለ ስማቸውን ከዚያ እያየሽ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ቀን በቀን አጥፊ፣ ዛሬ 50 ነገ 50፣ በመሐል ደንበኛ ሲመጣ ሥራሽ አይቆምም። ዚፑን ራሱን ግን አትጣዪው። የድሮ ፋይል ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል፣ ያኔ ያቺን አንዲቷን ፎንት አውጥተሽ ጭነሽ፣ አትመሽ፣ መልሰሽ ታጠፊያታለሽ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። እንዲህ ባለ ዚፕ ውስጥ ያው አንድ ፎንት በሦስት አራት የፋይል ስም ይገኛል። ወርድ የሚያየው የፋይሉን ስም አይደለም፣ ፎንቱ ውስጥ የተጻፈውን ስም ነው። ሁለት የተለያየ እትም በአንድ ስም ከተጫነ የትኛው እንደሚወጣ አታውቂም፣ ዛሬ ያስተካከልሽው ነገ ይፋለሳል። ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ ይኑርሽ። ደግሞ ፎንት መጨረሻው ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ ነው። ኢኤክስኢ የሚል ፎንት ነው ብሎ የሚልክልሽ ሰው ካለ አትክፈቺው፣ በተለይ ከቴሌግራም የመጣ ከሆነ።

ለዘወትር ሥራ ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ ሳንስና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፣ ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ ይበቁሻል። ከድሮዎቹ ደንበኞችሽ አዘውትረው የሚያመጧቸውን ሁለት ሦስት ጨምሪ።


ሄርማታ ጽሕፈት

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እርስዎን ደግሞ በተለይ፣ ያ የቴሌግራሙ መለያ በጣም ነው የረዳኝ። ዛሬ አራት ፍላሽ መጣ፣ አራቱንም እንደዚያ ለየሁ። ሁለቱ የድሮ ነበሩ።

ኒያላን ጨመርኩ። የልጁ ጽሑፍ 64 ገጽ ላይ ተመለሰ! ማውጫው ገጥሟል።

አንድ የቀረኝ፣ ኖቶን አውርጄ ጫንኩ፣ ወርድ ላይ ይታያል፣ ፎቶሾፕ ላይ ግን የለም። የእኔ ፎቶሾፕ የቆየ ነው። ባነሩ ለቅዳሜ ነው የሚፈለገው።


የቆጪ ልጅ

ዝም ብለሽ ኢንስቶል ብለሽ ይሆናል። ዊንዶውስ 10 ከ2018 ወዲህ በወጡት እትሞቹ እንደዚያ ሲባል ፎንቱን ለአንቺ አካውንት ብቻ ነው የሚጭነው፣ በሌላ ፎልደር ያስቀምጠዋል። የቆዩ ፕሮግራሞች ያንን ፎልደር አያዩም። ፎንቱን አጥፊው። ዚፑን መጀመሪያ ኤክስትራክት አድርጊ፣ ከዚያ ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርገሽ ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ የሚለውን ምረጪ። ፎቶሾፑን ዘግተሽ ክፈቺ።

ኖቶ ስታወርጂ ደግሞ ዚፑ ውስጥ ስታቲክ የሚል ፎልደር አለ። ከእሱ ውስጥ ሬጉላርና ቦልድ የሚሉትን ብቻ ጫኚ። ከውጭ ያለው አንዱ ትልቅ ፋይል ቫሪያብል የሚባለው ነው፣ የቆዩ ፕሮግራሞች በትክክል አያነቡትም።


ሄርማታ ጽሕፈት

ሠራ! ሳጥኑ ጠፋ፣ ባነሩ ላይ "እንኳን ደስ አላችሁ" ከነ"ኳ"ው ቁጭ ብሏል። ጋሼ ዲቃሎቹን እዪ ስላሉኝ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው።

የአባትየውን ደብዳቤም ዛሬ ደግሜ ሠራሁት። አማርኛውን አንቀጽ ብቻ መርጬ ፎንቱን ሰጠሁ፣ ቁቤው አልተነካም። አትሜ ከማስረከቤ በፊት ሁለቱንም ቋንቋ ቁጭ ብለው እንዲያነቡት አደረግኩ። ከትናንቱም ከዛሬውም ገንዘብ አልተቀበልኩም። 900ዎቹን ዛሬ 60 ቀንሻለሁ፣ ነገ እቀጥላለሁ።