ዕድሜ ልክ አጃቢ ተዋናይ ሆኖ መዝለቅ ይቻላል?

የጠባሴው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ደብረ ብርሃን ትንሽ የትያትር ክበብ አለችን። ፊቴ ከሲታ ስለሆነ ነው መሰለኝ ሁሌ የሚደርሰኝ ዘበኛ ወይ በሽተኛ ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን እንኳ አክተሩ ሆኜ አላውቅም። አዘጋጃችን ሳማርርበት «ሄደህ ሃሪ ዲን ስታንተንን እይ» ብሎኝ ላሽ አለ። ጎግል ሳደርገው ፊቱን አወቅኩት፣ ቪዲዮ ቤት ያየሁት ሰውዬ ነው! ከየትኛው ፊልሙ ልጀምር? ደግሞስ እውነት ዕድሜውን ሁሉ አጃቢ ነበር?

የቀይት ልጅ፦
ከሞላ ጎደል አዎ። በ1926 ኬንታኪ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባህር ኃይል ገብቶ ጃፓን ኦኪናዋ ላይ የመርከብ ወጥ ሠሪ ነበር። ከዚያ ትወና ተማረና በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ማለት ጀመረ። ጋንስሞክ በሚባለው የካውቦይ ድራማ ላይ ስንቴ ሌላ ሌላ ሰው ሆኖ እንደተመላለሰ ብታይ ትስቃለህ። መሪ ተዋናይ የሆነበት ፓሪስ ቴክሳስ በ1984 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ፓልም ዶር የሚባለውን ትልቁን ሽልማት ሲወስድ 58 ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። አንተ ገና ነህ ወንድሜ።

የጣርማ በር ጉም፦
እኔ ከኤሊየን ጀምር እላለሁ፣ የ1979ኙ። ገዳይ ፍጡር የገባባት የጠፈር መርከብ ላይ ብሬት የሚባል ሜካኒክ ነው፣ ጓደኛው የሚለውን ሁሉ «ልክ ነው» እያለ የሚከተል። ድመቷን ፍለጋ ብቻውን ይሄዳል። ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ኮፍያውን ያወልቅና ፊቱን ቀና አድርጎ ውሃውን ይቀበላል፣ በቃ እንደ ደከመው ሠራተኛ። አንተ ሞቱ እንደመጣ ገብቶሃል፣ እሱ ግን ሙቀቱን ነው የሚያበርደው። እዛች ጋ አንዲት ቃል አይናገርም፣ ግን ከፊልሙ ሁሉ እሷ ናት አእምሮዬ ላይ የቀረችው። ሃያሲው ሮጀር ኢበርት እኮ ስታንተን ወይም ኤሜት ዋልሽ በአጃቢነት ያለበት ፊልም ጨርሶ መጥፎ ሊሆን አይችልም ብሎ ሕግ አውጥቶለት ነበር (በኋላ ሕጉን ያፈረሰ ፊልም አግኝቻለሁ አለ እንጂ)።

ሞጃው፦
ኧረ አታጋንኑ። እዛ አሜሪካ ያለ አጃቢ ማኅበር አለው። በ1960 አድማ መትተው ፊልማቸው ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ክፍያ እንዲደርሳቸው አስወሰኑ፣ ጡረታና ሕክምናም ጨመሩ። እኛ ጋ ዘበኛ ሆኖ የሠራ ሰው ትያትሩ ባለቀ ማግስት ከሻይ ሂሳብ ሌላ ምን ያገኛል? ችሎታ ብቻውን ሰው አያኖርም።

የቀይት ልጅ፦
@ሞጃው እሱስ እውነትህን ነው። ግን ሰውዬው 80 ዓመት ሊሞላው ሲል ቢግ ላቭ የሚባል ተከታታይ ድራማ ውስጥ የሚያስፈራ የሃይማኖት መሪ ሆኖ መጣ፣ በ2017 በ91 ዓመቱ ሲሞት ደግሞ ላኪ የሚባለው ፊልሙ ገና ሲኒማ ቤት አልገባም ነበር። እሱም ላይ መሪ ነው። ያዘጋጀው ጆን ካሮል ሊንች ራሱ የታወቀ አጃቢ ተዋናይ ነው፣ ይሄ ነገር ደስ ይለኛል።

የጠባሴው፦
ተባረኩ። በአማርኛ የተተረጎመ ይኖራል? እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ነው።

የጣርማ በር ጉም፦
ፓሪስ ቴክሳስን እይ፣ መጀመሪያ ላይ ቀይ ኮፍያ አድርጎ በረሃውን ይሄዳል እንጂ ብዙ ደቂቃ ትንፍሽ አይልም። መጨረሻ ላይ በመስታወት ተከልሎ በስልክ የሚያወራው ጋ ስትደርስ ግን እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አጠገብህ አስቀምጥ።